ሦስት ሙያ፣ አንድ ጥናት፦ የልጆችን ምስክርነት ስናጠና ያለፍንበት

ሥነ ልቦና፣ ሥነ ትምህርትና ሕግ በአንድ የትምህርት ክፍል ሲሰጡ ማስተማሩም ሆነ ምርምሩ እንዴት እንደሚሄድ የሚጠይቁኝ ወጣት ባልደረቦች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ ገና መቀጠራቸው ነው፤ ሌሎቹ የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚሁ መስክ ሊጀምሩ ያሰቡ ናቸው። ሁሉም የሚፈሩት የሥራውን ብዛት ነው። እኔ ግን ሰው ሲያደክም፣ ጥናት ሲያፈርስ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሦስቱ ሙያዎች አንድን ነገር እውነት ነው ብለው የሚቀበሉበት መለኪያ ይለያያል፤ ልዩነቱን ግን ጥናቱ ተጀምሮ ችግር እስኪፈጠር ድረስ በግልጽ የሚናገረው የለም። የእኛም ጥናት ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ነገሩን ላብራራው። ዳኛ የሚፈርደው በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ነው። ፊቱ የቆመው ተከሳሽ ድርጊቱን ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም? በወንጀል ጉዳይ ማስረጃው ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ እንዲሆን ይጠበቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሚለካው የቡድን አማካይ ነው፤ በቡድኖቹ መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ውጤት የመገኘቱ ዕድል ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ግኝቱን ለመቀበል ይዘጋጃል። መምህር ደግሞ ነገ ክፍል ስገባ ምን ልለውጥ ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም በየሙያቸው ትክክል ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ከበው አንድ ጥናት ሲነድፉ ነው የማይግባቡት።

ጠቡም የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ሁጎ ሙንስተርበርግ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍርድ ቤቶች የምስክርን ትዝታ ስለሚያምኑበት መንገድ ጠንካራ ትችት ጻፈ፤ የሥነ ልቦናን ዕውቀት ባለመጠቀማቸውም ወቀሳቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዓመቱ በ1909 የማስረጃ ሕግ ሊቅ የነበረው ጆን ዊግሞር መልስ ሰጠ፤ በምናብ የተፈጠረ ችሎት አቁሞ ሙንስተርበርግን ከሳሾች እንዲያፋጥጡት አደረገ። ክሱ ያላረጋገጥከውን ነገር እንደተረጋገጠ አድርገህ ተናግረሃል የሚል ነበር። ብዙዎች የሚያስታውሱት ትችቱን ብቻ ነው። ዊግሞር ግን በዚያው ጽሑፍ የሕግ ባለሙያዎችንም ለሌላው ሳይንስ ትኩረት አልሰጣችሁም ብሎ ወቅሷል፤ ለትብብርም በሩን ክፍት አድርጓል። አዲስ ባልደረባ ወደ ትምህርት ክፍላችን ሲመጣ ይህን ታሪክ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

ማስተማሩን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። አንድ ክፍል ውስጥ የሦስቱም ዘርፍ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ስለ ናሙና አመራረጥ ሳስረዳ የሕግ ተማሪዎች ዓይናቸው ይርቃል፤ ስለ ማስረጃ ተቀባይነት ሳወራ የሥነ ትምህርት ተማሪዎች ማስታወሻ መያዝ ያቆማሉ። ክፍለ ጊዜውን ለሦስት እኩል መክፈልንም ሞከርን፤ ይህ ደግሞ በየተራ ሁለት ሦስተኛውን ክፍል ማሰልቸት ሆነ። ለውጥ የመጣው ሦስቱም የማያመልጡትን አንድ ጉዳይ ይዤ መግባት ስጀምር ነው።

ያ ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆችን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ በሙሉ ድምፅ የወሰነበት ነው። በውሳኔው ግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 11 ላይ የሥነ ልቦና ጥናቶች ተጠቅሰዋል፤ ከእነዚህም አንዱ የኬኔት ክላርክ ነው። ክላርክና ባለቤቱ ማሚ ክላርክ በ1947 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ 253 ጥቁር ልጆች ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች አቅርበው የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ ጠይቀዋል። ብዙዎቹ ልጆች የመረጡት ነጩን ነው።

ይህን ካቀረብኩ በኋላ ዝም እላለሁ፤ ክፍሉ ራሱ ይንቀሳቀሳል። የሥነ ልቦና ተማሪዎች ቁጥሮቹን ያገላብጣሉ። ዘር ሳይለይ አብረው በሚማሩበት የሰሜኑ ክፍል ያሉት ልጆች ነጩን አሻንጉሊት የመረጡት ተለይተው ከሚማሩት የደቡብ ልጆች በመጠኑ በላቀ ድርሻ እንደነበር ሲያገኙ ይደነግጣሉ። ታዲያ ጉዳቱ የመጣው ከትምህርት ቤቱ መለየት ነው ወይስ ከጠቅላላው ኅብረተሰብ? የሕግ ተማሪዎች ደግሞ የእኩልነት መብት በአሻንጉሊት ምርጫ ላይ መመሥረት አለበት ወይ፣ ጥናቱ ነገ ውድቅ ቢሆን መብቱም አብሮ ይወድቃል ወይ ብለው ይነሣሉ። የሥነ ትምህርት ተማሪዎች የሚያነሡት ሌላ ነው፤ «አንተን የሚመስለው የትኛው ነው?» ሲባሉ ካለቀሱት ልጆች ጋር ማን ቆየ? ከዚያ ቀን በኋላ አንዱ የሌላውን ጥያቄ እንደ ባዕድ አያየውም። ለምታስተምሩ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ሦስቱንም ዘርፎች ለማስደሰት ርዕስ አትከፋፍሉ፤ አንዱ ያለ ሌሎቹ ሊፈታው የማይችል ጉዳይ ፈልጉ።

ሁለተኛው ምክሬ ግኝትን ከመናገር በፊት ማስሞከር ነው። ሰው ሲዋሽ ማወቅ እችላለሁ የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ በተለይ ዐቃቤ ሕግ ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን ከሚያስቡት መካከል። አጫጭር ንግግሮች አስመለክታቸውና ሐሰቱን ከእውነቱ እንዲለዩ አደርጋለሁ፤ ግምታቸውን በወረቀት ይጽፋሉ። ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2006 የታተመ ትንተና የሰዎች ትክክለኛ ግምት በአማካይ 54 በመቶ ገደማ እንደሆነ፣ ማለትም ሳንቲም ከመወርወር ብዙም እንደማይሻል የነገርኳቸው ወረቀቱን ከሰበሰብኩ በኋላ ነው። ቁጥሩን አስቀድሜ ስናገር ለፈተና ያጠኑታል፤ ቀድመው ሲሞክሩት ግን ስለ ራሳቸው ያምኑት የነበረውን ይመረምራሉ። በየሳምንቱም ውጤት የማይያዝበት አጭር ጥያቄ እሰጣለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እንዳሳዩት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ይበልጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከንባቡ በኋላ ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ይገኛሉ። የሥነ ትምህርት ባልደረባዬ ይህን እስክታሳስበኝ ድረስ የማስተምረውን ግኝት በራሴ ክፍል አልጠቀምበትም ነበር።

አሁን ወደ ምርምሩ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ እርሱ ነው።

ልጅ ጉዳት ሲደርስበት መጀመሪያ የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ወይም ዳኛ አይደለም። መምህሩ ሊሆን ይችላል። መምህሩ በዚያች ቅጽበት የሚጠይቅበት መንገድ ከወራት በኋላ ችሎት የሚቀርበውን ቃል ሊያበላሸው ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሎፍተስና ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው «ሲላተሙ» ወይም «ሲነካኩ» በሚመስል የቃል ልዩነት ብቻ የተመልካቾችን የፍጥነት ግምት ቀይረዋል። በሁለተኛው ሙከራቸው ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲባሉ፣ ጠንካራውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፣ «ሲጋጩ» የሚለውን ለስለስ ያለ ቃል ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ አይተናል አሉ፤ ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው። በትንንሽ ልጆች ላይ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ ይበልጥ ይጎዳል። «ስለ ነገሩ ሁሉንም ንገረኝ»፣ «ከዚያስ?» የሚሉ ክፍት ጥያቄዎች ግን ከልጁ ከራሱ ትዝታ የወጣ፣ የበለጠ አስተማማኝ ቃል ያስገኛሉ። ጥያቄያችን መምህራን ይህን አጠያየቅ ሊለምዱት ይችላሉ ወይ የሚል ነበር።

ንድፉ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ እንግዳ ወደ ክፍል ገብቶ ዕቃዎች ያሳያል፤ ሁሉም በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ስለዚህ በእርግጥ የሆነው ይታወቃል። ከጥቂት ቀናት በኋላ መምህራን ልጆቹን ስለ እንግዳው ይጠይቃሉ፤ ከመምህራኑ ገሚሶቹ ሥልጠና ወስደዋል፣ ገሚሶቹ አልወሰዱም። ርዕሱ ማንንም የማይጎዳ ስለነበረ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ብዙ አላስቸገረንም። የስምምነት ቅጹም ከዓመት ዓመት የሚተላለፈው የተለመደው ነበር፤ «ተሳታፊዎች የሚሰጡት መረጃ ሁሉ በምስጢር ይያዛል» ይላል።

ከዚያ አንዲት ልጅ ስለ እንግዳው ተናግራ ስትጨርስ፣ መምህሯ ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ ወይ አለቻት። ልጅቷ ስለ ቤቷ ነገረቻት። ዝርዝሩን አልጽፍም። ክፍት ጥያቄ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ልጅ የፈለገውን እንዲናገር በር ይከፍታል፤ እኛ ግን በሩ ሲከፈት ምን እንደምናደርግ አልተስማማንም ነበር።

ያን ዕለት በተደረገው ስብሰባ የሕግ ባልደረባችን የማሳወቅ ግዴታ አለብን፣ ምስጢር የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም አለ። የሥነ ልቦና ባልደረባችን ለወላጅና ለልጅ በጽሑፍ ቃል ገብተናል፣ ቃላችንን ካፈረስን ከእንግዲህ ማንም አያምነንም አለች። ሌላው ደግሞ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ልጅቷ እንደገና ትጠየቅ የሚል ሐሳብ አቀረበ። በጣም የሚያስፈራው ይህ የመጨረሻው ነበር፤ ያልሠለጠነ ሰው ደጋግሞ ሲጠይቅ ቃሉ ይበከላል፣ ልጅም ትጎዳለች፤ እኛ ደግሞ የምናጠናው ይህንኑ ነበር። ክርክሩን ያስቆመው በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው። አንድ ባልደረባችን አንቀጽ 3ን አነበበችልን፤ ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ጥቅም በቀዳሚነት ይታያል ይላል። ቃል የገባንበት ቅጽ ከዚህ በላይ ሊሆን አይችልም። በዚያው ቀን ለሚመለከተው የሕፃናት ጥበቃ አካል አሳወቅን፤ መምህሯ ልጅቷ የተናገረችውን ራሷ በተናገረችበት ቃል፣ የራሷንም ጥያቄ ጨምራ ጻፈች። ጥናቱ ታገደ።

ለእናንተ የሚጠቅመው ከእገዳው በኋላ የሠራነው ነው። የስምምነት ቅጹ ላይ የምስጢራዊነት ወሰን በግልጽ ተጻፈ፤ አንድ ልጅ ጉዳት እየደረሰበት ወይም ሊደርስበት መሆኑን የሚያመለክት ነገር ከሰማን ሊረዳ ለሚችል ሰው እንናገራለን የሚል ነው። ለልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ በቃል ይነገራል፤ መረዳቱንም ልጁ በራሱ አባባል እንዲመልሰው በማድረግ እናያለን። ወላጅ መፍቀዱ የልጁን የራሱን ፈቃድ ከመጠየቅ አያድነንም፤ ልጁ አልፈልግም ካለ ያበቃል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ማን ለማን እንደሚደውል የሚገልጽ አንድ ገጽ በእያንዳንዱ ረዳት ተመራማሪ እጅ አለ። በዚያ ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር «አድምጥ፣ አመስግን፣ ተጨማሪ አትጠይቅ፣ ወዲያው ጻፍ» የሚል ነው። የማሳወቅ ግዴታው በማን ላይ እንደሚወድቅና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምትሠሩበትን ሕግ ከጥናቱ በፊት ከሕግ ባልደረባችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ርዕሳችሁ ምንም ያህል ለስላሳ ቢመስል ይህን አትለፉት። ልጆች ለርዕሳችን አይገደዱም።

ጥናቱ ሲቀጥል ሁለተኛው ፈተና ከጆርናል ገምጋሚ መጣ። በምሳሌ ላስረዳ። 20 መምህራን እያንዳንዳቸው 10 ልጅ ቢጠይቁ 200 ቃለ መጠይቅ ይገኛል። ሥልጠናውን የወሰዱት ግን መምህራኑ ናቸው፤ በአንድ መምህር የተጠየቁ ልጆች መልስ ደግሞ ይመሳሰላል። ይህ መመሳሰል ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ 0.1 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የተለመደው ስሌት እንደሚያሳየው 200ው ቃለ መጠይቅ የሚመዝነው እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 105 ያህል ልጆችን ነው። ልጅ በመጨመር ብዙ አይገኝም፤ መጨመር ያለበት መምህር ነው። የልጅ ቁጥር ማሳደግ ቀላል፣ መምህር ማግኘት ከባድ ስለሆነ በትምህርት ጥናቶች ውስጥ ይህ ጉድለት ደጋግሞ ይታያል። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት አማክሩ፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሊነግራችሁ የሚችለው ምን እንደጎደለ ብቻ ነው። የትንተና ዕቅዳችሁንም አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። በ2015 የ100 የሥነ ልቦና ጥናቶች ድግግሞሽ ሲታተም በስታቲስቲክስ ጉልህ ውጤት የተገኘው በ36 በመቶው ብቻ ነው፤ አንድ ዳኛ በእናንተ ጥናት ላይ ተደግፎ በሰው ነፃነት ላይ ሊወስን እንደሚችል ስታስቡ ይህ ቁጥር እንቅልፍ ሊነሳችሁ ይገባል።

ስለ ውጤቱ በአጭሩ፣ ሥልጠናው መሪ ጥያቄዎችን ቀንሷል፤ ክትትልና ግብረ መልስ ሲቋረጥ ግን መምህራኑ ወደ ለመዱት ተመለሱ። መርማሪዎችን በማሠልጠን ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥልጠና ስጡን የሚል ትምህርት ቤት ሲመጣ ዛሬ አንቀበልም፤ በየጊዜው የራሳቸውን ቅጂ አድምጠው የሚወያዩበት ሰዓት ካልተመደበ ሥራው ለይምሰል ይሆናል።

በባልደረቦች መካከል ስላለው ነገርም ልናገር፤ ወዳጅነት የሚሻክርበት ቦታ እዚህ ነው። በሕግ ዘርፍ ለብቻ ጽፎ ማሳተም ይከበራል፤ በሥነ ልቦና አምስት ስድስት ደራሲ የተለመደ ነው፣ የስም ቅደም ተከተልም ትልቅ ትርጉም አለው። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ የሚቆጥረውም እንደየዘርፉ ይለያያል። በዚህ ምክንያት ከእኛ ቡድን አንድ ጎበዝ ሰው ልናጣ ነበር። አሁን ማን ምን እንደሚሠራ፣ ስሙም በየትኛው ጽሑፍ በስንተኛ ቦታ እንደሚገባ የሚገልጽ ገጽ ጥናቱ ሳይጀመር እንፈራረማለን፤ የሥራ ድርሻ ከተለወጠ ገጹም ይለወጣል። ተማሪዎቻችሁ የሠሩትን ሥራ ስማቸው እንዲይዘው አድርጉ፤ ከአማካሪው ጋር ለመከራከር አቅም የላቸውምና ይህን መጠበቅ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡ ረዳቶችንም አትርሱ። ከባድ ነገር የሰማ ሰው ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ቅጂ እንዲያዳምጡ አናደርግም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ስለሰሙት የሚያወሩበት ሰዓት አለ፣ ሥራ መቀየር የፈለገም ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይቀይራል።

እስካሁን ያልተስማማንበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ቅጂዎቹ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጡ? የሥነ ልቦና ባልደረባዬ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲያረጋግጡት ለዓመታት ይቆይ ትላለች። የሕግ ባልደረባዬ የተቀመጠ ቅጂ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠየቅ እንደሚችል ያስታውሰናል፤ ያን ጊዜ የምርምር መረጃ ነው ማለት በሁሉም አገር ዋስትና አይሆንም። ለጊዜው የያዝነው መካከለኛ መንገድ ነው። ስምና ቦታ የወጣለት ጽሑፍ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ድምፅና ምስል ጽሑፉ በሁለት ሰው ከተመሳከረ በኋላ በስምምነት ቅጹ ላይ በተገለጸው ቀን ይጠፋል፤ የማሳወቅ ግዴታ ያስነሣ ቅጂ ግን ጉዳዩን የያዘው አካል በጽሑፍ እስኪፈቅድ ድረስ አይነካም። የእናንተ ቡድን ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል። የምትመርጡት ግን የመጀመሪያው ልጅ ከመጠየቁ በፊት ይሁን፣ ወላጆችም በምታስፈርሙት ቅጽ ላይ ያንብቡት።